የአራተኛው መስመር ቀይ ኮፍያ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ግመል ብለው ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል፤ ያኔ ግን ስሙን እንደ ሽልማት ነበር የያዝኩት።

የምሠራበት የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ሰው በስሙ አይጠራም። የሚጠራው በሚሰፋው ነገር ነው። አራተኛው መስመር ላይ ሃያ ሁለት ሴቶች አንዳችን ከአንዳችን ጀርባ ተደርድረን እንቀመጣለን። ከፊት ያለችው ኪስ ስለምትሰፋ ስሟ ኪስ ነው። ኮሌታ የምትሰፋው በዕድሜ ስለምትበልጠን እትዬ ኮሌታ እንላታለን። መጨረሻ ላይ ቁልፍ አለች፤ ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው። እኔ እጅጌ ነበርኩ። ሸሚዙ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይሄዳል፤ አንዷ ከተነሳች ከእሷ ቀጥላ ያለችው ባዶ እጇን ትቀራለች፣ የተነሳችው መኪና ላይ ደግሞ ክምሩ ተራራ ያክላል። ስለዚህ የሚነሳ ሰው አይወደድም።

ለመነሳት ደግሞ ኮፍያ አለ። ቀይ ኮፍያ ነው፤ ግንባሩ ላይ አራት ቁጥር ተጽፎበት ተቆጣጣሪያችን ጠረጴዛ አጠገብ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ሽንት ቤት የምትሄድ ሴት እሱን አጥልቃ ትወጣለች፣ ስትመለስ ትሰቅለዋለች። ለሃያ ሁለት ራስ አንድ ኮፍያ። ተቆጣጣሪዋ ከመድረኳ ላይ ሆና ቀዩን በዓይኗ እየተከተለች ማን ወጣች፣ ስንት ደቂቃ ቆየች ትላለች። ድሮ በፊሽካ ነበር አሉ የምታዘን፤ ፊሽካው ጠፋና ስሙ ቀረላት። ፊሽካ ክፉ ሴት አይደለችም የሚሉ አሉ። እኔ ክፉ ናት ነው የምለው። ታሪኩ የኔ ስለሆነ የኔ ቃል ይጽና።

ሽንት ቤቱ ከካውያ ክፍሉ ባሻገር፣ ከግቢው ጥግ ነው። ሁለት በር አለው። አንደኛው ሁልጊዜ ይቆለፋል፤ ለእንግዳ ነው። ሦስት ዓመት ስሠራ አንድም እንግዳ ሲገባበት አላየሁም። የእኛው በር መቀርቀሪያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ቁጢጥ ብለሽ በአንድ እግርሽ በሩን ትይዣለሽ። ያን እያደረግሽ ደግሞ ደቂቃ ትቆጥሪያለሽ። እንዲህ ከሆነማ ባልሄድስ አልኩ።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ውሃ አለመጠጣት። ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ምሳ ላይ አፍ ማርጠቢያ፣ በቃ። ከመግቢያ እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ መውጫ ኮፍያውን ሳልነካው እውላለሁ። አንድ ቀን ፊሽካ መሃል አዳራሽ ቆማ፣ «ይቺን እዩልኝ! ግመል እኮ ናት! አትጠጣ፣ አትሄድ!» አለች። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጅጌ መባሌ ቀረ። ባሌ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው። ቤት ገብቼ ስነግረው፣ «ታድለሽ! እኔ ከወንበሬ ሥር ባዶ ጠርሙስ ይዤ ነው የምዞረው» አለኝ፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እንዲህ ያሉ ሞኞች ነበርን።

ባለፈው ዓመት አረገዝኩ። ኮፍያውን ያኔም አልነካሁትም። አምስተኛው ወር ላይ ወገቤን ሲቆርጠኝ፣ ብርድ ብርድ ሲለኝ ሰነበተና አንድ ሐሙስ ቀን እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ደም አየሁ፤ ልጁ ወጣብኝ። ወንድ ነበር። «የእግዜር ሥራ ነው» አሉኝ። ጎረቤት አለ፣ እናቴ በስልክ አለች፣ ባሌም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለ። እኔም አመንኩ። በአሥረኛው ቀን ተመልሼ መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ፊሽካ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «አይዞሽ ግመሌ» አለችኝ። ያቺ አይዞሽ እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አለች።

ዘንድሮ እንደገና ሳረግዝ ፈራሁ። ለማንም አላወራሁም፤ ግን ቤት ውስጥ ካለ ሰው ምን ይደበቃል። አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ሰባት ወልደዋል። ሰባት የወለደ ሰው ደግሞ ሁሉን ያውቃል፤ ቢያንስ በእኛ ቤት።

ጠዋት ጠዋት አጥወለወለኝ። አማቴ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ «ያለ ነው» አሉ። ቃር ጀመረኝ፤ ጋደም ስል ጉሮሮዬ ድረስ እሳት ይወጣል። «ያለ ነው፤ የልጁ ፀጉር እየበቀለ ነው።» ሆዴ ደረቀ፤ አራት ቀን፣ አምስት ቀን። «ያለ ነው።» እግሬ አብጦ የባሌን ነጠላ ጫማ አድርጌ መሄድ ጀመርኩ። «እኔ በሦስተኛዋ ጊዜ በር አልበቃኝም ነበር፤ ያለ ነው።» ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጭሱን እያዩ ያለ ነው የሚሉ ይመስለኛል።

ክፋቱ አብዛኛው እውነት መሆኑ ነው። ማቅለሽለሹ አለ፣ ቃሩ አለ፣ እብጠቱም አለ። አሥር ጊዜ ልክ የሆነ ሰው አሥራ አንደኛው ላይ ሲሳሳት ማን ይጠረጥረዋል።

አሥራ አንደኛው ስድስተኛው ወር ላይ መጣ። ሽንቴ ማቃጠል ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ በሳምንቱ ጥርሴን ነክሼ ሆነ። የሚመጣው ቶሎ ቶሎ ነው፣ የሚወርደው ግን ጠብታ። ለዚያች ጠብታ ብዬ ኮፍያ አጥልቄ በሃያ አንድ ሴት ፊት ማለፍ አሳፈረኝ፤ ግመል ነኝ አይደል? ያችኑ የጠዋቷን ሻይ ወደ ግማሽ አወረድኳት። ካልጠጣሁ አይመጣም፣ ካልመጣ አያቃጥልም ብዬ። ይሄ ነው የኔ ብልጠት።

ለአማቴ ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። «ሙቀት ነው፤ ያለ ነው» አሉኝ። ለእትዬ ኮሌታ ምሳ ሰዓት ላይ ነገርኳት። እሷ እንኳ፣ «እኔም በልጆቼ ጊዜ ነበረብኝ፤ ስትወልጂ ይተውሻል» አለችኝ። ባሌ ብቻ፣ «ሐኪም እንሂድ እንዴ?» አለ። እኔው ራሴ፣ በገዛ አፌ፣ «ሰሞኑን ክምር አለብን፤ ያለ ነው ብለውኛል» አልኩት። ስለዚህ እናደዳለሁ ስል ከሁሉ በፊት የማገኘው ራሴን ነው።

ማክሰኞ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ፊሽካ አንድ ሸሚዝ አንጠልጥላ መጣች።

«ግመሌ፣ ምንድነው ይሄ?»

አየሁት። ለአንድ ሸሚዝ ሁለት የግራ እጅጌ ሰፍቼለታለሁ። በሦስት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ልስቅ ፈለግሁ፣ ጥርሴ ግን ይንገጫገጫል። በቀኝ ጎኔ ቢላ የሰኩብኝ ያህል ይወጋኛል። ሆዴም ድንጋይ ይሆንና ይለቃል፣ ድንጋይ ይሆንና ይለቃል። እትዬ ኮሌታ ከመኪናዋ ተነስታ እጇን ግንባሬ ላይ አሳረፈች።

«ወይኔ ልጄ! እሳት ሆነሻል እኮ!»

«ኮፍያውን ሳትይዢ ነው የተነሳሽው» አለች ፊሽካ።

እትዬ ኮሌታ ምን እንደመለሰችላት እዚህ አልጽፈውም። ደግፋኝ ወጣች፣ ለባሌ ደወለች፤ እሱም አውቶቡሱን ለጓደኛው ጥሎ በታክሲ መጣ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ከወንበር ወንበር እየተደገፍኩ ነበር የገባሁት።

አዋላጇ ነርስ አጠር ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሽንት ስጪ አለችኝና አመጣሁላት። ዕቃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው፤ የጠቆረ ሻይ ይመስላል። አስመርምራ ተመለሰች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያቃጥልሽ?»

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።»

«ሦስት ሳምንት!» እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ምን ብለሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ያለ ነው ብለውኝ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሁሉም።»

ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች እንጂ ንዴቷ አልበረደም።

«ስሚኝ እህቴ። ቃሩ ያለ ነው። ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ ቶሎ ቶሎ ብዪ፣ በልተሽ ወዲያው አትጋደሚ፣ ይቀልልሻል። ድርቀቱም ያለ ነው፤ ውሃ፣ አትክልት፣ ትንሽ መራመድ። ከሥራ ስትገቢ እግርሽ ቢያብጥ ከፍ አድርገሽ አሳርፊው። ፊትሽና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ራስ ምታት አልለቅ ካለሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ ግን ያለ ነው የሚባል ነገር የለም፤ የያዝሽውን ጥለሽ ትመጫለሽ። ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣቱ ያለ ነው። ማቃጠሉ ግን የለም! ትኩሳቱ የለም! ይሄ ኢንፌክሽን ነው፤ ከፊኛሽ ተነስቶ ኩላሊትሽ ጋ ደርሷል። ሆድሽን የሚያጠነክረውም እሱ ነው። ያለ ጊዜው ምጥ ሊያመጣብሽ ይችላል። ገባሽ?»

ገባኝ። ባሌን አየሁት፤ ኮፍያውን በእጁ እየጠመዘዘ ነበር። የሱ ሰማያዊ ነው፣ የነጂ። ያን ጊዜ ግን ኮፍያ የሚባል ነገር ማየት አስጠላኝ።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው ውሃ የምትጠጪው?»

«ጠዋት ግማሽ ብርጭቆ ሻይ» አልኩ።

«ስንት ጊዜ ነው ሽንት የምትሸኚው?»

ስለ ኮፍያው ነገርኳት። ግመል መባሌንም ነገርኳት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ትስቅ እንደሆነ ብዬ። አልሳቀችም። ካርዴን አገላበጠች።

«ከዚህ በፊት አንድ ወጥቶብሻል። በስንት ወሩ?»

«በአምስት።»

«ያኔስ ያቃጥልሽ ነበር?»

እዚህ ላይ ነው ቤቱ የዞረብኝ። ሐሙስ ዕለት ያየሁት ደም ትዝ ይለኛል፣ ብርድ ብርድ ማለቱ ትዝ ይለኛል፣ ወገቤም ትዝ ይለኛል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሳምንታት ግን ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። በሩን በእግሬ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ።

«ያቃጥለኝ ነበር» አልኩ።

አዋላጇ ካርዴን አጠፈችው። «ያኔ የመረመረሽ ስለሌለ አሁን ተነስቼ በዚህ ምክንያት ነው ልልሽ አልችልም» አለች። «ግን ሊሆን ይችላል።»

ሊሆን ይችላል። በቃ ይችን ሁለት ቃል ይዤ አልጋ ላይ ወጣሁ።

ሦስት ቀን አስተኙኝ። በክንዴ መድኃኒት ይገባል፣ በአፌ ውሃ ይገባል፤ በየሰዓቱ እሄዳለሁ፤ ሽንት ቤቱ አራት እርምጃ ነው፣ መቀርቀሪያም አለው። መጀመሪያ ቀን ሆዴ እየጠነከረ አስፈራራኝ። አዋላጇ በየጊዜው እየመጣች እጇን ሆዴ ላይ ታሳርፍና ሰዓቷን ታያለች። ባሌ ከውጭ መስኮት ሥር ቆሟል፣ አናቱ ይታየኛል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይሄም ልጅ ከሄደ ማንም የእግዜር ሥራ እንዳይለኝ። እግዜር ኮፍያ አልሰቀለም። እግዜር ውሃ አትጠጪ አላለኝም።

በሁለተኛው ቀን ማታ ሆዴ ላላ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሄደ። አዋላጇ የልጁን የልብ ምት ስታሰማኝ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ አላለቀስኩም። ደሜ ነበር የሚፈላው።

ቤት ስገባ አማቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «እንኳን…» ብለው ጀመሩ። አላስጨረስኳቸውም።

«እማማ፣ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ያለ ነው የሚባል ነገር እንዳልሰማ። ልጄን ልትቀብሩብኝ ነበር። የመጀመሪያውንም ማን ያውቃል።»

ባሌ ክንዴን ያዘኝ። በሕይወቴ ለአማቴ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ሴትዮዋ ወደ ጓዳ ገቡ። ይሄኔ ለጎረቤቱ ሁሉ ሊያሙኝ ነው አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ግን ትራሴ አጠገብ ማሰሮ የሚያክል ጆግ ሙሉ ውሃና ብርጭቆ ተቀምጧል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክወልድ ድረስ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አላገኘሁትም። ጉዳዩን አንድም ቀን አላነሱትም፣ እኔም አላነሳሁም። አሁንም ቢሆን ንዴቴ አልወጣልኝም፤ ውሃቸውን ግን ጠጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽንቴ ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተባለ። አዋላጇ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ መጠጣት እንዳለብኝ፣ በፈለግሁ ጊዜ ሽንት ቤት መሄድ እንዳለብኝ ይላል። ሰኞ ጠዋት ለፊሽካ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ትጮኻለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልጮኸችም። መድረኳ ላይ ወጥታ ለሁሉም ተናገረች።

«ግመል የሐኪም ወረቀት አምጥታለች፤ በፈለገች ጊዜ ትሂድ፣ እኔ ሰው ነኝ አልከለክልም። ኮፍያው ግን ያው አንድ ነው። እሷ ይዛው ስትወጣ እናንተ ጠብቁ።»

ተንኮል እንዴት እንደሚሠራ እዚያ ነው ያየሁት። እኔን ፈቀደችልኝ፣ ከሃያ አንዱ ላይ ወስዳ። እስከ ምሳ አራት ጊዜ ሄድኩ። በአራተኛው ስመለስ ኮፍያውን ከራሴ ላይ ሊነጥቁኝ የደረሱ ነበሩ። ቁልፍ ከኋላ፣ «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ሆድ ያለሽ?» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። አንገቴን ደፍቼ እጅጌዬን መስፋት ቀጠልኩ። ከመታመሜ ይልቅ ይሄ አመመኝ።

ምሳ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ኪስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ኪስ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ባለፈው ዓመት ነው ያገባችው። ዳቦዋን ደረቁን ትቆርሳለች። የውሃ ጠርሙሷ ጠዋት እንደያዘችው ሙሉ ነው።

«ለምን አትጠጪም?» አልኳት።

«ኮፍያው አንቺ ጋ ነው እኮ፣ እህቴ» አለች እየሳቀች። ከዚያ ግራ ቀኝ አይታ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «አርግዣለሁ፤ ሦስት ወሬ ነው። ለማንም እንዳትነግሪብኝ። ፊሽካ ካወቀች ከመስመሩ ታስነሳኛለች ብዬ… እንዳንቺ ነው የማደርገው፤ ጠዋት ትንሽ ሻይ፣ በቃ። ቻልኩት እኮ!»

የቆረስኩትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዳንቺ አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እየሳቅሁ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ያስተማርኳት ይህንን ነው። ልመልስላት አፌን ስከፍት ደወሉ ተደወለ፤ ተነስታ ወደ መኪናዋ ሮጠች።

ከሰዓት በኋላ ለአምስተኛ ጊዜ ኮፍያውን ላነሳ ስጠጋ ፊሽካ ከመድረኳ ላይ ሳቀች።

«አይዟችሁ፣ ግመላችን ብትታመምብን ሌላ አግኝተናል! ኪስን አያችኋት? ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም! ትንሿ ግመል!»

ኪስ አፍራም ደስ ብሏትም አንገቷን ሰበር አደረገች። ያን ፊት አውቀዋለሁ። የኔ ፊት ነው።

ዓይኔ ጨለመብኝ። ኮፍያውን ከምስማሩ ላይ አውርጄ ፊሽካ ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩት።

«ግመል አይደለሁም!» አልኩ። ድምፄ ከመኪኖቹ በላይ ወጣ። «እሷም አይደለችም! እዚህ ግመል የለም፣ ሰው ነው ያለው!»

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለች ፊሽካ።

«ልንገርሽ ምን እንደሆንኩ። ባለፈው ዓመት የወጣብኝ ልጅ፣ አይዞሽ ያልሽኝ ልጅ፣ ወንድ ነበር። እዚህ ወንበር ላይ ሽንቴን ይዤ፣ ውሃ ሳልጠጣ፣ እየተቃጠልኩ ነበር የተሸከምኩት። ሐኪሟ በዚያ ሊሆን ይችላል አለችኝ። ላይሆንም ይችላል። እኔ ግን እስክሞት ድረስ ሊሆን ይችላል እያልኩ ነው የምኖረው። አንቺ ደግሞ ግመሌ እያልሽ ታወድሺኝ ነበር። እኔም ጀግና የሆንኩ መሰለኝ!»

ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። ንዴቴ ለእነሱም ተርፏል።

«እናንተም! ክምር ሠራሽብን እያላችሁ! ኮፍያውን ያመጣሁት እኔ ነኝ? ያንን በር የቆለፍኩት እኔ ነኝ? ያቃጠለው ሰው ካለ፣ ያመመው ሰው ካለ፣ ያለ ነው እያላችሁ አትዋሹት። የለም!»

አንድ ሁለት መኪና ቆመ። ከዚያ ሌሎቹም ቆሙ። ያ አዳራሽ በሥራ ሰዓት ጸጥ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። እትዬ ኮሌታ መቀሷን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«የኔ ስትወጣብኝ ስድስት ወሯ ነበር» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «ከትልቁ ልጄ ቀጥላ። እዚሁ ነበር የምሠራው።»

አንዷ ጣቷን ማየት ጀመረች፣ አንዷ ፊቷን በሸሚዝ ሸፈነች።

«ወደ ሥራ!» አለች ፊሽካ። «ማን አቁሙ አላችሁ?»

እኔ ኮፍያውን ሳላነሳ ወደ በሩ ሄድኩ። ከኋላዬ ወንበር ሲጮኽ ሰማሁ፤ እትዬ ኮሌታ ናት። ከዚያ ሌላ ወንበር፣ ከዚያ ሌላ። ኪስ ጠርሙሷን ይዛ ተነሳች። ሁሉም ተነሱ ብዬ አልዋሽም፤ ቁልፍ ቁጭ ብላ ክር ስታስገባ አይቻታለሁ፣ ሌሎችም ቁጭ ብለዋል። ግን ዘጠኝ ነበርን። ፊሽካ ኮፍያውን ይዛ ከመድረኳ ወረደችና፣ «ኮፍያውን! ቢያንስ አንዳችሁ ኮፍያውን!» እያለች ተከተለችን። ከኋላዬ አንዷ፣ «አንቺው አድርጊው!» አለቻት፤ በካውያ ክፍሉ በኩል እየሳቅን አለፍን። ሌላዋ ደግሞ፣ «እኔ እኮ አልመጣብኝም፤ እንዲያው ልቁም ብዬ ነው» አለች።

ሽንት ቤቱ በር ላይ ተሰለፍን። መጀመሪያ እኔን አስገቡኝ። ቁጢጥ ስል እንደ ልማዴ እግሬን ወደ በሩ ሰደድኩ፤ ሆዴ ገፍቶ ስለነበር እንደ ጠዋቱ ሁሉ እግሬ አልደረሰም። በሩ ገርበብ አለ። ልነሳ ስል ከውጭ እጅ መጣና በሩን ገጥሞ ያዘው። ጣቶቿ በበሩ ጠርዝ በኩል ይታዩኛል፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር በመርፌ የተበሳ ነው። እትዬ ኮሌታ።

ያን ጊዜ ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። ልጄ በቀኗ ደረሰች፤ ይህን የምጽፈው እሷ እስክትነቃ ነው። ያን ቀን ግን ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው ግቢው ውስጥ ፊሽካ ደቂቃ እየቆጠረች መሆኗን፣ ስምንት ሴቶች ተራ እየጠበቁ መሆናቸውን ነው። ለመጨረስ ቸኮልኩ። ያኔ ነው ልጄ፣ ወንዱ፣ ትዝ ያለኝ፤ በእሱም ጊዜ ቸኩዬ ነበር ወደ መኪናዬ የተመለስኩት፣ ለማልቀስ እንኳ ፋታ አላገኘሁም። ግድግዳውን ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ዓመት ሙሉ ያላለቀስኩትን።

እትዬ ኮሌታ ሰማችኝ። በሩን አልለቀቀችም።

«አትቸኩዪ ልጄ» አለችኝ ከውጭ። «ይዤልሻለሁ፤ ቀስ በዪ።»

በሦስት ዓመት ውስጥ እዚያ ግቢ ቀስ በዪ ያለኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።